ለጊታር ሥራ ባንድ ሶ ስትገዙ፦ መጀመሪያ ጣውላችሁን ለኩ

የመጀመሪያ ባንድ ሶዬ (በሁለት ጎማ ላይ የሚዞር ቀበቶ መሰል ምላጭ ያለው የመጋዝ ማሽን) ባለ 9 ኢንች ነበር፤ ኢንቹ የጎማው ስፋት ነው። ካርቶኑ ላይ «እስከ ግማሽ ኢንች ምላጭ ይይዛል» ይላል። ይይዛል፣ አልዋሸም። መወጠር ግን አይችልም። ለሳጥን ክራር ጎን ላወጣ ብዬ 8 ሳንቲም ስፋት ያለው ዋልነት የተባለ እንጨት በጠርዙ አቁሜ ሰነጠቅኩ። ከላይ ሳየው መስመሩን ይዞ ይሄዳል። ከታችም እንደዚያው። ሁለቱን ቁራጮች ለያይቼ ሳያቸው አንዱ መሀሉ እንደ እርጉዝ ሆድ ተነፍቷል፣ ሌላው ደግሞ ሰርጉዷል። ጠርዙ ላይ 5 ሚሊ የነበረው መሀል ላይ 2 ሚሊ ሆነ። ዋልነቱ ለማገዶ ሄደ።

ማሽኑን አልወቅስም። ለማይችለው ሥራ የገዛሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ጊታር መሥራት የጀመረ ወዳጅ «የቱን ልግዛ?» ሲለኝ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የምትሰነጥቀው ትልቁ ጣውላ ስፋቱ ስንት ሳንቲም ነው? ይህ ሲመለስ ከማስታወቂያዎቹ ግማሹ በራሱ ይወድቃል።

(እኔ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። የምጠራቸው ዋጋዎች የዚህ ገበያ ግምቶች ናቸው። አዲስ አበባ ላላችሁ መጨረሻ ላይ ለብቻው ጽፌያለሁ።)

የምትሠሩት ጊታር ምን ይፈልጋል?

ባንድ ሶ ለጊታር ሠሪ ሁለት ሥራ ይሠራል። አንደኛው ቅርጽ ማውጣት ነው፤ የቦዲውን ወገብ፣ የአንገቱን ጎን፣ የራሱን ቅርጽ መቁረጥ። ሁለተኛው ስንጠቃ ነው፤ ወፍራም ጣውላን በጠርዙ አቁሞ ወደ ስስ ገጾች መለየት። ቅርጽ ለማውጣት ማንኛውም ማሽን ይሆናል። ገንዘባችሁን የሚበላው ስንጠቃው ነው።

ኤሌክትሪክ ጊታር ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። የተለመደው ድፍን ቦዲ ውፍረቱ 44 ወይም 45 ሚሊ ነው። አንገቱም በጎኑ ተኝቶ ሲቆረጥ ከ8 ሳንቲም አያልፍም። ስለዚህ 10 ሳንቲም የሚቆርጥ ማሽን ይበቃል፣ ይተርፋልም።

አኩስቲክ ላይ ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ድሬድኖት የሚባለው ትልቁ ጊታር ከታች ሲለካ 40 ሳንቲም ገደማ ነው። ጀርባው ብዙ ጊዜ ከሁለት እህትማማች ገጾች ይሠራል፤ አንድ ጣውላ ተሰንጥቆ እንደ መጽሐፍ ይገለጥና መሀሉ ላይ በኮላ ይያያዛል። ስለዚህ እያንዳንዱ ገጽ 20 ሳንቲም፣ ለመከርከሚያ ሲጨመር 21 ሳንቲም ይሆናል። ክላሲካል ጊታር ትንሽ ጠበብ ይላል፣ 19 ሳንቲም አካባቢ ይበቃዋል። ጎኖቹ ከ12 እስከ 13 ሳንቲም ናቸው። ኡኩሌሌና ሳጥን ክራር ለሚሠራ ደግሞ 10 ሳንቲም ብዙውን ይሸፍናል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው መውጫ አለ። የአሜሪካው ጊታር ሠሪ ኩባንያ ማርቲን በ1965 እ.ኤ.አ. ዲ-35 የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ ጀርባውን ከሦስት ቁራጭ ሠራው። ምክንያቱ ሰፊ የብራዚል ሮዝዉድ (ለጊታር የሚፈለግ ውድ ጠንካራ እንጨት) እየጠፋ መምጣቱ ነበር፤ ጠባቡን ጣውላ ለመጠቀም ነው። ያንኑ ዘዴ እኛ ደግሞ ለጠባብ ማሽን እንጠቀምበታለን። ባለ ሦስት ቁራጭ ጀርባ ከወሰናችሁ እያንዳንዱ ቁራጭ ከ14 ሳንቲም አይበልጥም። ይህ ውሳኔ ብቻውን ብዙ መቶ ዶላር ሊያድናችሁ ይችላል።

የጊታሩን ፊት፣ ማለትም ክሮቹ ያሉበትን ገጽ፣ ራሳችሁ አትሰንጥቁ። ለፊት የሚሆነው እንጨት፣ ስፕሩስም ሆነ ሴዳር፣ ተሰንጥቆ፣ ደርቆ፣ ጥንድ ጥንዱን ይሸጣል። ለጀማሪ ፊቱን ራሱ ለመሰንጠቅ መድከም ትርፉ አይታየኝም።

በምን እንመዝናቸው?

*የስንጠቃ ከፍታ።* ከጠረጴዛው እስከ ላይኛው ምላጭ መያዣ ያለው ክፍተት ነው። ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ላይ ቢያንስ 1 ሳንቲም ቀንሱ። ጫፍ እስከ ጫፍ ሞልቶ የሚሰነጥቅ ትንሽ ማሽን ሞተሩ ሲያቃስት ትሰማላችሁ።

*የምላጭ ውጥረት።* ከሁሉ የከበደው መመዘኛ ይህ ነው፣ ማስታወቂያ ላይ ግን አይጻፍም። ምላጭ በሰፋ ቁጥር ቀጥ ብሎ ለመሄድ የሚፈልገው ውጥረት ይበዛል። ያን ውጥረት የሚሸከመው የማሽኑ ሻንሲ ነው። ቀጭን ላሜራ ወይም አሉሚኒየም ይጎብጣል፤ ካስት አይረን ወይም ወፍራም ብረት ግን ይችለዋል። ስለዚህ «ግማሽ ኢንች ይይዛል» የሚል ትንሽ ማሽን ስታዩ በልባችሁ ከ10 ሚሊ በላይ አትገምቱለት።

*ሞተር።* ለቅርጽ ሥራ ሲሶ ፈረስ ጉልበት ይበቃል። 15 ሳንቲም ጠንካራ እንጨት ለመሰንጠቅ ከ3/4 እስከ 1 ፈረስ ጉልበት ያስፈልጋል። 20 ሳንቲም ሮዝዉድ ከሆነ 1.5 ቢሆን ደስ ይላል። በ1 ፈረስ ጉልበትም ይሠራል፣ ቀስ ብሎ መግፋት ነው።

*የጎን ስፋት።* ከምላጩ እስከ ማሽኑ ቋሚ ያለው ርቀት ነው። ሰዎች በዚህ በጣም ይጨነቃሉ። አያስጨንቅም። የኤሌክትሪክ ጊታር ቦዲ 33 ሳንቲም ቢሰፋም ከውጭ ወደ ውስጥ በትንንሽ ቁርጥ እየቀነሳችሁ 23 ሳንቲም ባለው ማሽን ትጨርሱታላችሁ።

*የምላጭ ርዝመት።* ይህን የሚጠይቅ ገዢ ብዙም አላየሁም። ማሽኑ እንግዳ የሆነ ርዝመት ካለው ምላጭ ፍለጋ ትሰቃያላችሁ። 93 ከግማሽ ኢንች የሆነው የ14 ኢንች ማሽን ምላጭ በየሱቁ አለ። ብርቅ ርዝመት ሲሆን በትእዛዝ ማስበየድ ነው።

ምላጩን ከግራና ከቀኝ የሚደግፉት መያዣዎች ኩሽኔታ ይሁኑ ወይስ ብሎክ የሚለው ክርክር ጊዜ አይብላባችሁ። ሁለቱም በትክክል ከተስተካከሉ ይሠራሉ።

አማራጭ 1፦ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ 9 ወይም 10 ኢንች

ከ150 እስከ 400 ዶላር። ክብደቱ ከ18 እስከ 35 ኪሎ፤ አንድ ሰው ያነሳዋል፣ አፓርታማ በረንዳ ላይ ይቀመጣል። የስንጠቃ ከፍታው ብዙውን ጊዜ ከ9 እስከ 12 ሳንቲም ነው። 15 ሳንቲም የሚሉም አሉ፣ ሞተራቸው ግን ያንን ከፍታ በጠንካራ እንጨት ላይ አይከተለውም።

ለኤሌክትሪክ ጊታር ብቻ ከሆነ ከዚህ ወዲያ መሄድ ብር ማባከን ነው። 6 ሚሊ ምላጭ ግጠሙበት፣ የቦዲውን ቀንድ ሁሉ ይዞራል። የሚያናድደው አብሮት የሚመጣው ምላጭ ነው። አውጥታችሁ ጣሉት። የእኔ ባለ 9 ኢንች በ20 ዶላር ጥሩ ምላጭ ሌላ ማሽን መሰለኝ፤ ምነው ዋልነቱን ከማበላሸቴ በፊት ባወቅኩ!

ከ9 እና ከ10 ኢንች ምረጥ ብባል 10ን እመርጣለሁ። የዋጋ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ሻንሲው ግን ጠንከር ይላል፣ 10 ሚሊ ምላጭም በደንብ ይወጥራል።

አማራጭ 2፦ መካከለኛው 12 ኢንች

ይህ አውሮፓ ላላችሁ ነው። እዚያ 30 ሳንቲም ገደማ ጎማ ያላቸው፣ 16 ወይም 17 ሳንቲም የሚሰነጥቁ፣ ወደ 1 ፈረስ ጉልበት የሚጠጉ ማሽኖች በየሱቁ አሉ። ባለ ሦስት ቁራጭ ጀርባና ጎኖችን ያወጣሉ፣ ባለ ሁለት ቁራጭ ጀርባ ግን አይገባባቸውም። አሜሪካ ውስጥ ይህ ክፍል ሳሳ ያለ ነው፤ ዋጋው ጥሩ ያገለገለ 14 ኢንች ስለሚደርስ አልመክረውም።

አማራጭ 3፦ ያገለገለ 14 ኢንች ካስት አይረን

የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ።

የአሜሪካው ማሽን ሠሪ ዴልታ ይህን ቅርጽ ያወጣው በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ የታይዋንና የቻይና ፋብሪካዎች ደጋግመው ቀድተውታል። ለዚህም ነው መለዋወጫው እንደ ድሮ ቮልስ መለዋወጫ የትም የሚገኘው። ሁለት የካስት አይረን ክንዶች በአንድ ትልቅ ቡሎን ተያይዘዋል። በፋብሪካ ልኩ 15 ሳንቲም ይሰነጥቃል። በሁለቱ ክንዶች መሀል የማስረዘሚያ ብሎክ ሲገባ ወደ 30 ሳንቲም ያድጋል። ብሎኩ ከ100 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፣ ምላጩም ወደ 105 ኢንች ይረዝማል። ከመግዛታችሁ በፊት ብሎኩ ለዚያ ሞዴል የሚገጥም መሆኑን አረጋግጡ። ሁሉም ይመሳሰላሉ እንጂ የፒኖቻቸው ቦታ ሁልጊዜ አንድ አይደለም።

ብሎኩ ከፍታ ይጨምራል፣ ጉልበት ግን አይጨምርም። የድሮው ማሽን ብዙ ጊዜ ግማሽ ወይም 3/4 ፈረስ ጉልበት ሞተር ነው ያለው። 20 ሳንቲም እንጨት ሲቀርብለት ይቆማል። ሞተር መቀየር ቀላል ነው፣ ቺንጋውን ፈትቶ አዲስ ሞተር መግጠም ነው። ወጪውን ግን ከመጀመሪያው ሒሳብ ውስጥ አስገቡት።

ዋጋው እንደ ሻጩ ነው። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ከ250 እስከ 600 ዶላር አያለሁ። ለማየት ስትሄዱ የእጅ ባትሪና ስኳድራ ያዙ፣ ሶኬቱንም አስነቅሉ። ከዚያ፦

የላይኛውን ጎማ በእጃችሁ አዙሩ። የሚወላገድ ከሆነ ወይም ኩሽኔታው እንደ አሸዋ የሚያንኮሻኩሽ ከሆነ ዋጋ ቀንሱበት። ላስቲኩ ተሰነጣጥቆ ከሆነ አትደንግጡ፣ በትንሽ ብር ይቀየራል። የላይኛውን ጎማ የሚሸከመውን ቅንፍ ግን በባትሪ አብሩና አስተውሉ። ለዓመታት ከልክ በላይ ተወጥሮ የቆየ ማሽን ላይ ይህ ቅንፍ ይጎብጣል፣ ስፕሪንጉም ተጨፍልቆ ይቀራል። ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ ጠረጴዛውን የሚይዙትን ግማሽ ክብ ብረቶች እዩ፤ እነሱ ይሰነጠቃሉ። በመጨረሻ የላይኛውን መያዣ ወደ ላይና ወደ ታች አንቀሳቅሱት። ምላጩን እየተከተለ ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። ከፍ ሲል ወደ ጎን የሚሸሽ ከሆነ በየከፍታው ማስተካከል ነው ዕጣችሁ።

እኔ የገዛሁት ሰውዬ «አንድ ቀን ብቻ ነው የተጠቀምኩበት» አለኝ። ከታች ያለውን በር ስከፍት ሁለት ኪሎ ሰጋቱራ ተጠቅጥቆ አገኘሁ። አንድ ቀን! ተሳሳቅን፣ 70 ዶላር ቀነሰልኝ።

የዚህኑ ቅርጽ አዲስ ቅጂ የሚፈልግ በ700 እና በ1,000 ዶላር መካከል ያገኛል። 1 ፈረስ ጉልበት አለው፣ ዋስትናም አለው። ያገለገለ ዕቃ መመርመር ለሚፈራ ሰው ክፉ አይደለም።

አማራጭ 4፦ አዲስ 14 ኢንች ባለ ብረት ሻንሲ

ከ1,200 እስከ 2,000 ዶላር። 1.5 ወይም 1.75 ፈረስ ጉልበት፣ 33 ሳንቲም የሚደርስ ከፍታ። ሻንሲው እንደ ሳጥን የተበየደ ወፍራም ላሜራ ስለሆነ ውጥረት ይችላል። ከ110 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ወደ ምድር ቤት ለማውረድ ሦስት ጓደኛና አንድ ምሳ ያስፈልጋል። በዓመት አምስት፣ ስድስት አኩስቲክ ለሚሠራ ሰው ጥሩ ነው። አንድ ጊታር ሠርቼ ልየው ለሚል ግን ከጊታሩ በላይ የሚከፈልበት ማሽን ነው።

አማራጭ 5፦ አለመግዛት

አትሳቁ። ቅርጹን በጂግ ሶ (በእጅ የሚያዝ የኤሌክትሪክ መጋዝ) ቆርጦ በራውተር (ጠርዝ በሚጠርብ የእጅ ማሽን) እና በሞዴል ማስተካከል ይቻላል። ስንጠቃውን ባንድ ሶ ላለው ሰው ከፍሎ ማሠራት ወይም የተሰነጠቀ ጥንድ መግዛት ይቻላል። በሁለት ዓመት ሦስት ጊታር የምትሠሩ ከሆነ ይህ ከሁሉም ይረክሳል።

በጠረጴዛ ሰርኩላር ልሰንጥቅ የሚል ካለ ሒሳቡን ያስላ። የሰርኩላር ምላጭ 3 ሚሊ ያህል እንጨት ወደ ሰጋቱራ ይለውጣል። የባንድ ሶው 1 ሚሊ ገደማ ነው። 4 ሚሊ ገጽ ከ50 ሚሊ ጣውላ ስታወጡ በሰርኩላር 7 ታገኛላችሁ። በባንድ ሶ፣ በየመሀሉ ፊቱን እየላጋችሁም እንኳ፣ 8 ይወጣል፤ እጃችሁ ሲለምድ ከዚያም በላይ። ሮዝዉድ በገዙበት ዋጋ አንድ ገጽ ቀላል ነገር አይደለም።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | የስንጠቃ ከፍታ | ሞተር (ፈ.ጉ.) | ክብደት | ዋጋ ገደማ (ዶላር) | የሚስማማው |
|---|---|---|---|---|---|
| 9–10 ኢንች | 9–12 ሳሜ | 1/3–1/2 | 18–35 ኪሎ | 150–400 | ኤሌክትሪክ ጊታር፣ ኡኩሌሌ፣ ሳጥን ክራር |
| 12 ኢንች | 16–17 ሳሜ | 1 ገደማ | 60–85 ኪሎ | 500–900 | ባለ ሦስት ቁራጭ ጀርባ፣ አውሮፓ ላለ ሰው |
| ያገለገለ 14 ኢንች | 15 ሳሜ፣ ከብሎክ ጋር 30 | 1/2–1 | 80–100 ኪሎ | 250–600 | አኩስቲክ፣ መፍታትና መግጠም ለሚወድ |
| አዲስ 14 ኢንች ባለ ብረት ሻንሲ | እስከ 33 ሳሜ | 1.5–1.75 | ከ110 ኪሎ በላይ | 1,200–2,000 | በብዛት ለሚሠራ |
| አለመግዛት | – | – | – | ጂግ ሶና የማሰንጠቂያ ክፍያ | ጀማሪና ቦታ የሌለው |

ከበጀቱ ላይ ለምላጭ አስቀሩ

ማሽኑን 300 ዶላር ገዝቶ 60 ዶላር ለምላጭ ያስቀረ ሰው 360ውን በሙሉ ማሽኑ ላይ ከጨረሰው ሰው ይሻላል። ሁለት ምላጭ ይበቃል። አንዱ 6 ሚሊ፣ በኢንች 6 ጥርስ ያለው፣ ለቅርጽ። የሚዞረው ጠባብ ኩርባ 16 ሚሊ ሬዲየስ ነው። 10 ሚሊ ምላጭ 37 ሚሊ ሬዲየስ ይፈልጋል፤ 13 ሚሊው 64። ሁለተኛው ለስንጠቃ ነው፤ በ14 ኢንች ማሽን ላይ 13 ሚሊ፣ በኢንች 3 ጥርስ። ጥርሱ ሲበዛ ጥሩ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ለስንጠቃ ተቃራኒው ነው። ሰጋቱራው መውጫ ሲያጣ ምላጩ ይግላል፣ ከዚያ ይባዝናል። ከ100 ዶላር በላይ የሚያወጡትን የካርባይድ ምላጮች መጀመሪያ ላይ እርሷቸው።

የሮዝዉድን ብናኝ አትናቁት። ቆዳና ሳንባ ላይ አለርጂ ያስነሳል፣ አንዴ ከጀመረ አይለቅም። ኤን95 ማስክ ከምላጩ ጋር አንድ ቀን ይገዛ። ጓንት ደግሞ አታድርጉ፣ ምላጩ ጓንቱን ሲይዝ እጅም አብሮ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ላላችሁ

እዚያ መግዛቱን ለጊዜው ተዉት እላለሁ። ትልልቅ የእንጨት ሥራ ቤቶች ባንድ ሶ አላቸው። ጣውላችሁን ይዛችሁ ሂዱና አሰንጥቁ። «በ4 ሚሊ» ብላችሁ አትዘዙ። የእነሱ ምላጭ ለበርና ለቁምሳጥን ስለሆነ ሰፊና ሻካራ ነው። 6 ሚሊ አስወጡና ቤታችሁ በመላጊያ አሳሱት። እንጨቱ ደረቅ ይሁን። በደንብ ያልደረቀ ዋንዛ ተሰንጥቆ ካደረ ጠዋት እንደ ጀልባ ተጣምሞ ነው የሚጠብቃችሁ። ከአሮጌ ቁምሳጥን የወጣ ዋንዛ ካገኛችሁ እሱን አትልቀቁ፣ ለዓመታት ቤት ውስጥ የደረቀ ነው። ወይራ ለፍሬትቦርድ (አንገቱ ላይ ጣት ለሚያርፍበት ጣውላ) የሚያምር እንጨት ነው፣ ግን ምላጭ ቶሎ ያደነዝዛልና ሠራተኛው ቢያጉረመርም አትፍረዱበት።

ከአሜሪካ በዘመድ ላስመጣ ለሚል ደግሞ ይህን ልንገራችሁ። የዚህ አገር መብራት 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። የአዲስ አበባው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። ቮልቱን ትራንስፎርመር ያስተካክለዋል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ሞተሩ ከስድስት አንድ እጅ ያህል ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ይግላልም። አንዳንድ ሞተር ላይ «115/230» ተጽፎ ስታዩ ችግሩ የተፈታ አይምሰላችሁ፣ ያ ስለ ቮልት ብቻ ነው። ማሽኑን ያለ ሞተር አስመጥታችሁ እዚያው 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ ሲንግል ፌዝ ሞተር መግጠም ይሻላል፤ ጭነቱም ይቀላል። እዚያው ያገለገለ ማሽን ካገኛችሁም ሞተሩ ስሪ ፌዝ መሆን አለመሆኑን ጠይቁ። ቤታችሁ ያለው መስመር ሲንግል ፌዝ ከሆነ አይነሳላችሁም። ምላጩንም የሚበይድ ሰው አስቀድማችሁ ፈልጉ፣ ርዝመቱን በወረቀት ጽፋችሁ ስጡት።